ለባለ 26 ፈረስ ጉልበት ትራክተር የ1.25 ወይስ የ1.5 ሜትር ሮታቬተር?

ጥያቄ፦ «ስድስት ሆነን በማኅበር የምንሠራ የሜጫ ወጣቶች ነን። ከመራዊ ብዙም ሳይርቅ በቆጋ መስኖ 12 ቃዳ (አንዱ ቃዳ ሩብ ሄክታር) መሬት አለን፤ ስንዴ፣ ሽንኩርትና ድንች እናለማለን። ያገለገለ ባለ 26 ፈረስ ጉልበት አነስተኛ ትራክተር ገዝተን አሁን ሮታቬተር (በሚዞሩ ቢላዎች አፈር የሚፈጭ መሣሪያ) ልንጨምርበት ነው። አንዱ ሻጭ አዲስ የ1.25 ሜትር፣ ሌላው ያገለገለ የ1.5 ሜትር ያቀርቡልናል፤ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ጓደኞቼ ሰፊውን ይሻላል ይላሉ። ቶሎ ይጨርሳል፣ ለኪራይ ያዋጣል፣ ነገ ትልቅ ትራክተር ብንገዛም ያገለግለናል ባዮች ናቸው። መሬታችን አብዛኛው ቀይ ነው፤ ታች ያለው ሦስት ቃዳ ግን ዋልካ ነው። የኋላ ጎማዎቹን ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ስንለካ 112 ሳንቲ ሜትር ሆኑ። የትኛውን እንግዛ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጎማውን ለክታችሁ መጻፋችሁ ብዙ አቃሎልናል፤ አብዛኛው ጠያቂ የትራክተሩን ስምና ቀለም ብቻ ጽፎ ስፋት ንገሩኝ ይላል። የ1.25ቱን ግዙ። የ1.5ቱ በነፃ ቢሰጣችሁም ለዚህ ትራክተር አይሆንም። የ1.25ቱም ቢሆን ለእናንተ ትራክተር የመጨረሻው ልክ ነው፤ በአንዳንድ ነገር ካልተጠነቀቃችሁ እሱም ይከብደዋል። ለጓደኞችህ ሒሳቡን እንዲህ አድርገህ አሳያቸው።

በሞተሩ ላይ የተጻፈው 26 ሮታቬተሩ ጋ አይደርስም። መጀመሪያ ከፍታው ይቀንሰዋል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር የሚስበው አየር ስለሚሳሳ፣ በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ጉልበት ያጣል። የእናንተ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ 26ቱ ወደ 21 ይወርዳል። ከዚያ ጉልበቱ በካምቢዮ አልፎ ከኋላ ወዳለውና መሣሪያውን ወደሚያዞረው የፒቲኦ ዘንግ እስኪደርስ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ይጠፋል። በእጃችሁ የሚገባው እንግዲህ 18 ፈረስ ጉልበት ነው። ሻጮች የሚያሳዩት «ከዚህ እስከዚህ ፈረስ ጉልበት» የሚል ሰንጠረዥ ዝቅተኛ ቦታን ታሳቢ ያደረገ መሆኑን አትርሱ። የትራክተሩ መጽሐፍ የፒቲኦውን ጉልበት ለብቻው ከጻፈ ደግሞ የከፍታውን ብቻ ቀንሱለት፤ የካምቢዮው ተቀንሷል።

ሮታቬተር ምን ያህል ይበላል? ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ሲሠራ በሙያው የተለመደው ግምት ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ አንዴ ለታረሰና እርጥበቱ ልክ ለሆነ ቀይ አፈር 4 ፈረስ ጉልበት፣ ላልታረሰ ደረቅ መሬት 5 ወይም 6፣ ለዋልካ 7 እና ከዚያ በላይ። የ1.25ቱ ስፋት አራት ጊዜ 30 ሳንቲ ሜትርና ትንሽ ነው፤ በታረሰ ቀይ አፈር 17 ይፈልጋል፣ 18 አላችሁ። የ1.5ቱ በዚያው ለስላሳ አፈር 20 ይጠይቃል። ዋልካው ላይ የ1.25ቱ 29፣ የ1.5ቱ 35 ይደርሳሉ። ስለዚህ ጥያቄው ሰፊው ይሻላል ወይስ ጠባቡ አይደለም፤ ሰፊው በጥሩ አፈራችሁ ላይ እንኳ አይሄድም።

«ቶሎ ይጨርሳል» የሚለውንም እንየው። የ1.25ቱ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ሲሄድና በየዙሩ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደራረብ በሰዓት 2,300 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለመዞሪያና ለመቆሚያ 30 በመቶ ብትቀንሱ 1,600 ካሬ ይቀራል፤ አንድ ቃዳ በአንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ማለት ነው። የ1.5ቱን ሞተሩ እንዳይጠፋ በሰዓት ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብትሉበት ያው ቃዳ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል። ተጨማሪ ናፍጣና የጋለ ሞተር ይተርፋችኋል እንጂ ጊዜ አታተርፉም። ያውም ትራክተሩ ይህን ያህል ዘገምተኛ ማርሽ ካለው ነው። ከሌለው ነጂው ወይ ጋዙን ይቀንሳል ወይ ፍሪሲዮን እየረገጠ ይሄዳል። ጋዙ ሲቀነስ ፒቲኦው ከ540 ዙር በታች ይወርዳል፣ ቢላዎቹ ይዘገያሉ፣ ጓሉ ሳይፈጭ ይቀራል። ያኔ ሰው «ሮታቬተሩ አይረባም» ይላል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የማርሹን ፍጥነት ለኩ። ሜዳ ላይ 20 ሜትር ምልክት አድርጉ፣ በሞተሩ ዙር ቆጣሪ ላይ 540 የሚል ምልክት እስኪደርስ ጋዙን ስጡ፣ በዝቅተኛው ማርሽ ሂዱና ሰዓት ያዙ። 36 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሮታቬተር ጥሩ ነው። 24 ሰከንድ ከሆነ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ በታረሰ መሬት ይሠራል፣ ለዋልካ ግን ፈጣን ነው። ከ20 ሰከንድ በታች ከሆነ በ1.25ቱም ተቸግራችሁ እንዳትቀሩ ቆም ብላችሁ አስቡበት።

ፍጥነቱ የጓሉንም መጠን ይወስናል። የቢላው ዘንግ በደቂቃ 200 ጊዜ የሚዞርና በአንድ ፍላንጃ (ቢላዎቹ የሚታሰሩበት ክብ ብረት) ላይ በየጎኑ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ቢላ ያለው ከሆነ፣ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እያንዳንዱ ቢላ 5.5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ይቆርሳል። ይህ ለሽንኩርት መደብ የሚሆን ልስላሴ ነው። ፍጥነቱ ሲያጥፍ ቁራሹም ያጥፋል፤ 11 ሳንቲ ሜትሩ ለስንዴም ሻካራ ነው። ስንዴ መሬቱ ዱቄት እንዲሆን አይፈልግም፤ ደጋግሞ መፍጨት ከመጀመሪያው ውኃ በኋላ ላዩ ቅርፊት እንዲሠራ ያደርጋል።

አሁን ወደ ጎማው። የሮታቬተር ስፋት የኋላ ጎማዎቹን ዱካ መሸፈን አለበት፤ ካልሸፈነ ፈጭታችሁ ያለሰለሳችሁትን በጎማ ጠቅጥቃችሁ ትሄዳላችሁ። 125 ከ112 ሲቀነስ 13 ነው፤ በየጎኑ 6.5 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ከዚህ የተሻለ መገጣጠም አይገኝም። የ1.5ቱ በየጎኑ 19 ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል፣ ግን ዱካን ለመሸፈን 5 ሳንቲ ሜትር በቂ ስለሆነ ቀሪው የማትችሉት ጭነት ብቻ ነው።

የጉልበቱ ሒሳብና የጎማው ሒሳብ የሚጋጩበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሁልጊዜ ለጉልበቱ ፍረዱ። መሬታችሁ በሙሉ ዋልካ ቢሆን ኖሮ ጎማውን ባይሸፍንም የ1.05 ሜትር እንድትገዙ እንመክር ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ወደ ቀኝ እንዲገፋ ተደርጎ ይታሰራል፤ የቀኙን ጎማ ዱካ ይሸፍናል፣ የግራው ጎማ ገና ባልተሠራው መሬት ላይ ይሄዳል። የተሠራው መሬት ሁልጊዜ በቀኝ እንዲሆን እያደረጋችሁ ወደ ግራ ትገፋላችሁ፤ የሚቀጥለው ዙር የግራውን ዱካ ያጠፋዋል። ብዙ ሰው ቸርኬውን ገልብጦ ጎማዎቹን ማቀራረብ ይቀናዋል። ይቻላል፣ ግን ጎማው ሲጠብ ትራክተሩ በተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል።

ለእናንተ ሦስት ቃዳ ዋልካ ሲባል ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በሬና ማረሻ አንዴ ከከፈተው በኋላ ሮታቬተሩን ሁለት ጊዜ አሳልፉት፦ መጀመሪያ 6 ወይም 7 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ እስከ 12። ጥልቀቱን በሃይድሮሊክ ማንሻው ሳይሆን በሮታቬተሩ ጎንና ጎን ባሉት መንሸራተቻ ብረቶች ወስኑት። በማንሻው አንጠልጥሎ የሚሠራ ሰው አንዱን ቦታ ጥልቅ፣ ሌላውን ስስ አድርጎ ይወጣል።

የዋልካው ትልቁ አደጋ ጉልበቱም አይደለም፣ እርጥበቱ ነው። እርጥብ ዋልካ ላይ ቢላው አፈሩን አይቆርጠውም፤ ከሥር እንደ ቅቤ ይለቀልቀዋል። ከ12 ሳንቲ ሜትር በታች ውኃም ሥርም የማያልፍበት ጠንካራ ንጣፍ ይሠራል፣ ድንቹም እዚያው ላይ ውኃ ቋጥሮ ይበሰብሳል። ውኃ ከለቀቃችሁ በኋላ ስንት ቀን እንደሆነ አትቁጠሩ፤ ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አውጡና ጨብጡት። በጣት ገፋ ሲያደርጉት ከተፈረከሰ ግቡ። በመዳፍ ሲያሹት እንደ ገመድ ከተጥመለመለ ትራክተሩን አታስነሱ። ቀዩ አፈር በዚህ በኩል ታጋሽ ነው፤ ቢሆንም ፈተናውን እዚያም አድርጉ።

ስርዶ ያለበት ማሳ ካላችሁ ደግሞ ሮታቬተር አታስገቡበት። ቢላው ሥሩን በጣት ልክ እየቆራረጠ በማሳው ሁሉ ይበትነዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቡቃያ ነው። በበጋ በማረሻ ገልብጣችሁ፣ ሥሩን ለቅማችሁ፣ በፀሐይ አድርቃችሁ ስታበቁ ነው የሮታቬተሩ ተራ። ለኪራይ በምትሄዱበት ማሳም መጀመሪያ ይህን እዩ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ወቀሳው በእናንተ ነው።

ክብደቱ ቀላል ነገር አይደለም። የ1.25 ሜትር ሮታቬተር እንደ አሠራሩ ከ200 እስከ 300 ኪሎ፣ የ1.5ቱ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ይመዝናል። የትራክተሩ መጽሐፍ «ይህን ያህል ኪሎ ያነሣል» ሲል የትኛው ነጥብ ላይ እንደሆነ አንብቡ። በማንሻ ክንዶቹ ጫፍ ላይ የተለካው ቁጥር ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ ከጫፉ 61 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የተለካው ግን ሮታቬተሩ በእውነት ወደሚያርፍበት ቦታ ይቀርባል። በዚህ በሁለተኛው ቁጥር አስቡ። ሮታቬተሩ ሲነሣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ በፊተኛው አክስል ላይ ቢያንስ የባዶው ትራክተር ክብደት አንድ አምስተኛ መቅረት አለበት። ትራክተሩ 1,100 ኪሎ ከሆነ 220 ኪሎ ማለት ነው። እህል ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት የምድር ሚዛን ላይ የፊት ጎማዎቹን ብቻ አውጥታችሁ፣ ሮታቬተሩን አንሥታችሁ መዝኑት። ከጎደለ የፊት ክብደት ግዙ። መሪው ቀልሎ ጎማው ሳይታጠፍ ከተንሸራተተ ሚዛኑ ባይኖርም መልሱ ታውቋል።

የሮታቬተሩን ማሰሪያ ፒኖች ለኩ። ለእናንተ ዓይነት ትራክተር የታችኞቹ 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ሚሊ ሜትር ናቸው። ያገለገለው የ1.5ቱ ከትልቅ ትራክተር ላይ የወረደ ከሆነ 28 እና 25 ሊሆን ይችላል፤ ያ ብቻውን ለማን እንደተሠራ ይነግራችኋል።

ጓደኞችህ ስለ ትልቁ ትራክተር ያነሡት ሐሳብ ከሁሉም ደካማው ነው። ነገ ለሚገዛ ትራክተር ተብሎ ዛሬ የማይሳብ መሣሪያ አይገዛም። የ1.25ቱም ቢሆን ቀለል ያለ ስለሆነ ባለ 45 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ላይ ብታስሩት ጊርቦክሱን ሊሰብረው ይችላል። ያኔ ሸጣችሁ የሚመጥነውን ትገዛላችሁ።

ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ ጉልበቱ ወደ ቢላው ዘንግ በጎን በኩል በምን እንደሚሄድ ጠይቁ። በካቴና የሚሠራው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለቀይ አፈራችሁ ይበቃል፣ ግን ድንጋይ ሲመታ ካቴናው ይላላል፣ ይበጠሳል። በጥርስ ማርሽ የሚሠራው ይከብዳል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። ለኪራይ የማታውቁት ማሳ ውስጥ ስለምትገቡ፣ ክብደቱን ማንሻው ከቻለው የማርሹን ምረጡ። ቢላዎቹ ከትራክተሩ ጎማዎች ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚዞሩት ይሁኑ፤ በተቃራኒው የሚዞሩት ቅሪትን በደንብ ቢቀብሩም ተጨማሪ ጉልበት ይበላሉ፣ እናንተ ደግሞ ትርፍ ጉልበት የላችሁም።

የትራክተሩን ፍሪሲዮንም እዩ። ፍሪሲዮን ስትረግጡ ፒቲኦውም አብሮ የሚቆም ከሆነ ባለ አንድ ደረጃ ነው፤ ጭቃ ወይም ሥር ሲይዛችሁ ትራክተሩን ብቻ አቁማችሁ ቢላው ያስቸገረውን ፈጭቶ እስኪጨርስ መጠበቅ አትችሉም። ከዚህም ሌላ የሚዞረው የቢላ ዘንግ ፍሪሲዮን ከተረገጠ በኋላም ትራክተሩን ለቅጽበት ወደፊት ሊገፋ ይችላል። በሁለት ደረጃ የሚረገጥ ወይም ለፒቲኦው የራሱ መያዣ ያለው ከሆነ ይህ ችግር የለም።

ብዙ ትራክተር የሚበላሸው በስፋቱ ምርጫ ሳይሆን በማገናኛው ዘንግ ነው። ሻጩ ከሮታቬተሩ ጋር የሚሰጣችሁ ዘንግ ለሌላ ትራክተር የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ከረዘመ፣ ሮታቬተሩን ስታነሡ ሁለቱ ቱቦዎች ጫፍ ለጫፍ ተጋጭተው የፒቲኦውን ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ ጥገናው ካምቢዮ መክፈት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘንጉን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ግማሽ ከትራክተሩ ሌላውን ከሮታቬተሩ ጋር እሰሩና ጎን ለጎን አስይዟቸው። ማንሻውን ቀስ ብላችሁ ከታች እስከ ላይ አንቀሳቅሱና ሁለቱ ዘንጎች በጣም የሚቀራረቡበትን ቦታ ፈልጉ። እዚያ ላይ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። በሥራ ቦታው ደግሞ ቱቦዎቹ ቢያንስ ሲሶ ያህል ተያይዘው መገኘት አለባቸው። መቁረጥ ካስፈለገ ከውስጠኛውም ከውጨኛውም ቱቦ፣ ከፕላስቲክ መከላከያዎቹም እኩል ቁረጡ፤ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱና ግሪስ ቀቡ። ስትገጣጥሙ በሁለቱ ጫፍ ያሉት የክሮቼራ (የዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያ) ሹካዎች በአንድ መስመር ይሁኑ፤ ከተዛነፉ ሮታቬተሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

ዘንጉ ተቆራጭ ቡሎን ካለው ቡሎኑ የተሠራው እንዲሰበር ነው። ድንጋይ ሲመታ እሱ ተቆርጦ ጊርቦክሱን ያድናል። ሲደጋገም የሚሰለቸው ነጂ ጠንካራ ቡሎን ይከትበታል፣ ቀጥሎ የሚሰበረው የማርሹ ጥርስ ነው። መጽሐፉ የሚያዘውን ዓይነት በደርዘን ገዝታችሁ በመሣሪያ ሣጥኑ አስቀምጡ። በምትኩ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ካለው፣ ከክረምት በኋላ ዝገት አጣብቆት እንደሆነ አረጋግጡ፦ የሞላዎቹ ርዝመት ስንት እንደሆነ ለክታችሁ ዳዶዎቹን አላሉ፣ ለጥቂት ሰከንድ እንዲንሸራተት አድርጉት፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ልክ መልሱት።

ለነጂው እነዚህን ነገሮች ንገሩት። በማሳው ጫፍ ሲዞር ፒቲኦውን አጥፍቶ ያንሣ፤ ዘንጉ በሰፊ ማዕዘን ታጥፎ ሲዞር ክሮቼራው ይሰበራል። ቢላው አልገባም ብሎ ሰው ሮታቬተሩ ላይ እንዲቀመጥ አያድርግ፤ ያልገባው መሬቱ ደርቆ ወይም ቢላው አልቆ ነው። ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው የሚዞር ዘንግ አጠገብ አይቁም፣ መከላከያ ፕላስቲኩ የተሰበረ ዘንግም አይሠራበት።

አዲሱን የ1.25ቱን ስትረከቡ ጊርቦክሱንም የጎኑን ሣጥንም ከፍታችሁ ዘይት መኖሩን እዩ፤ አንዳንዱ ባዶውን ይመጣል። የሚሞላው መጽሐፉ የሚለው የካምቢዮ ዘይት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 90 ቁጥር። ቢላዎቹ በዘንጉ ዙሪያ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ መደርደራቸውንና ስል ጎናቸው በሚዞሩበት አቅጣጫ መቅደሙን ተመልከቱ፤ ተገልብጦ የታሰረ ቢላ መሬቱን በጀርባው ይደበድባል እንጂ አይቆርጥም። ኋላ ላይ የሚቀየር ቢላ ሲኖር በአካባቢው ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ማሠራት ይቻላል፣ ሆኖም ክብደቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሁን፤ ፊት ለፊቱ ያለውን አብራችሁ ቀይሩ። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቁልፉን አውጥታችሁ የቢላዎቹን ቡሎኖች በሙሉ እንደገና አጥብቁ። በክሮቼራዎቹ በየቀኑ ግሪስ ጨምሩ። በቢላው ዘንግ ዳርና ዳር ኩሽኔታዎቹ ጋ የተጠቀለለ ሲባጎ፣ ሣርና የማዳበሪያ ጆንያ ክር ማታ ማታ በቢላዋ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ዘይት ማገጃ ጎማውን የሚበላው እሱ ነው፣ ዘይቱ ከወጣ ደግሞ ኩሽኔታው ብዙ አይቆይም።